በቦናያ የወደቁት አብራሪዎችና የመታሰቢያቸው ታሪክ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው አዲስ ቅዳም፣ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ፣ በስፋቷ ትንሽ ብትሆንም በዙሪያዋ ያለው ደጋ ብዙ ታሪክ የተሠራበት ደጋ ነው። የዚህ አገር ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ የሞተበትን በፍትሐትና በተዝካር፣ የጀገነለትንም በፉከራና በፈረስ ጉግስ ማሰብ የለመደ ስለ ሆነ፣ የሟችን ስም በድንጋይ ቀርጾ አደባባይ ላይ ማቆም ለእርሱ ዘግይቶ የመጣ ልማድ ነው። ከዚህ ደጋ እጅግ ርቆ፣ በኢጣልያ ደቡብ በሲሲሊ ደሴት፣ ኮሚዞ የምትባል ሌላ ትንሽ ከተማ አለች። ይህችም ከተማ የአይሮፕላን ማረፊያዋ በወለጋ ምድር በተገደለ በአንድ የአየር ጄኔራል ስም ተጠርቶ፣ ስሙም ለሰባ ዓመት በሚጠጋ ዘመን ውስጥ ሳይፋቅ ኖሮላታል። የዚህ ሰው አሟሟት ከጎጃም ገዥ ከራስ እምሩ ዘመቻ ጋራ የተያያዘ፣ መታሰቢያውም በገዛ ወገኖቹ መካከል ክርክር ያስነሣ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ አንሥቶ በየዘመኑ መተረክ ለጎጃም አንባቢ የሚገባ ይመስለኛል።

ነሐሴ 3 ቀን 1910 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊፈጸም ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ባለቅኔው ጋብሪኤሌ ዳኑንዚዮ የመራቸው የኢጣልያ አይሮፕላኖች የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው በጠላታቸው በኦስትርያ ዋና ከተማ በቪየና ሰማይ ላይ ደረሱ። በከተማይቱ ላይ ያንዣበቡት ሰባቱ አይሮፕላኖች ከዚያ የጣሉት ወረቀት ብቻ ነበር። በመቶ ሺህ የሚቈጠር ወረቀት በቪየና ጎዳናዎች ላይ ተበተነ፤ ቃሉም፣ ብንፈልግ ቦምብ ልናወርድባችሁ እንችል ነበር የሚል ዛቻና ምክር የተቀላቀለበት ነበር። ይህ ሥራ በኢጣልያ እንደ ታላቅ የጨዋነት ምልክት ተቈጥሮ እስከ ዛሬ ይወደሳል። ከእነዚያ አብራሪዎች አንዱ አንቶኒዮ ሎካቴሊ የሚባል፣ በሰሜን ኢጣልያ በምትገኘው በቤርጋሞ ከተማ የተወለደ የ23 ዓመት ጐልማሳ ነበር።

ሎካቴሊ እንዲሁ በቀላሉ የሚታለፍ ሰው አልነበረም። ተራራ መውጣት የሚወድ፣ በእርሳስ ሥዕል የሚሥል፣ የሚጽፍም ሰው ነበር። በጦርነቱ መጨረሻ ላይ አይሮፕላኑ ተመትቶበት በኦስትርያውያን እጅ ቢወድቅም ከእስር ቤት አመለጠ። በሚቀጥለው ዓመት በደቡብ አሜሪካ የአንዲስን ተራሮች በአይሮፕላን ተሻገረ። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ የአትላንቲክን ውቅያኖስ በሰሜን በኩል ሊሻገር ተነሥቶ በግሪንላንድ አጠገብ ከባሕር ላይ ስለ ወረደ፣ ከባልንጀሮቹ ጋራ ማዕበል ሲያንገላታው ሦስት ቀን ከቈየ በኋላ የአሜሪካ የጦር መርከብ አግኝታ አወጣችው። የፋሽስት መንግሥት ሲጸና የቤርጋሞ ከንቲባ ሆኖ ተሾመ። የጦር ሜዳልያውም የበዛ ስለ ነበረ፣ በአገሩ ሰዎች ዘንድ ሞት የማይደፍረው ሰው ተብሎ ይታይ ነበር።

በአገራችን የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ነጂው ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ፣ አይሮፕላኑም ፖቴ የተባለ የፈረንሳይ ሥራ ነበር። ከስምንት ወር ያነሰ ጊዜ እንዳለፈ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ በአንቺም ጦርነት በበጌምድሩ በራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት ላይ አይሮፕላን ዞረበት። ከሰማይ አስቀድሞ የወረደው የጳጳሱ የግዝት ቃል የታተመበት ወረቀት ነበር፤ ቦምቡ ከእርሱ በኋላ መጣ። የበጌምድር ባላገር፣ ግዝትን ከመቅደስ እንጂ ከደመና ሲወርድ አይቶ የማያውቀው፣ በዚያ ቀን የተሰማው ድንጋጤ ከቦምቡ ይሁን ከወረቀቱ ለመፍረድ ያስቸግራል። ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊም የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ። ነገር ግን ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወሰናችንን ስትሻገር በእጃችን የነበሩት አይሮፕላኖች እጅግ ጥቂቶች፣ ሥራቸውም መልእክት ማድረስና ሰው ማመላለስ እንጂ ውጊያ አልነበረም።

የጎጃም ጦር በራስ እምሩ መሪነት ወደ ሽሬ ሲዘምት የገጠመው እንግዲህ ባዶ ሰማይ አልነበረም። ራስ እምሩ ገና በጉዞ ላይ ሳሉ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ከድተዋቸው ወደ ጎጃም ተመለሱ፤ በኋላቸውም ዐመፅ ተነሣ። እርሳቸው ግን ወደ ፊት ገፍተው ታኅሣሥ 5 ቀን ተከዜን ተሻግረው በደንበጒና መተላለፊያ የጠላትን ጦር ከታንኮቹ ጋራ ድል ነሡት። ያ ድል የሰሜኑ ጦር ግንባር ከታየባቸው ብሩህ ቀኖች አንዱ ነበር። ነገር ግን ከስምንት ቀን በላይ አልቈየም፤ ታኅሣሥ 13 ቀን ማለዳ የኢጣልያ አይሮፕላኖች መጥተው እንደ ወትሮው የሚፈነዳ ቦምብ በመጣል ፈንታ፣ መሬት ሲነካ ተከፍቶ ቀለም የሌለው ውሃ የሚረጭ ጎድጓዳ ብረት ጣሉ። ውሃው የነካው ሰው እጁ፣ እግሩ፣ ፊቱ እያበጠ ይላጥ ጀመር፤ ከወንዙ የጠጡትም በሥቃይ ሞቱ። ራስ እምሩ ይህን ሲተርኩ፣ ሰዎቻቸው ምን እናድርግ ብለው ሲጠይቋቸው የሚመልሱት እንዳልነበራቸው ተናግረዋል። ቪየና ወረቀት በደረሳት በ17 ዓመት ተከዜ የሰናፍጭ መርዝ ደረሰው።

በዚያው ሳምንት በደቡብ በኩል በደጋሐቡር አቅራቢያ ሌላ ነገር ሆነ። ታኅሣሥ 16 ቀን ቲቶ ሚኒቲ የሚባል ወጣት የኢጣልያ አብራሪና ባልደረባው ሊቪዮ ዛኖኒ አይሮፕላናቸው ወርዶባቸው ተገደሉ። ኢጣልያም የሰዎቹን አሟሟት ሰበብ አድርጋ፣ በአራተኛው ቀን በመልካ ዲዳ የሰፈረውን የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ድንኳን በአይሮፕላን አስደበደበች። የሐኪሞቹ አለቃ ዶክተር ሒላንደር ቈሰለ፤ ከስዊድናውያኑ መካከል ጉናር ሉንድስትሮም ሞተ፤ ከበሽተኞቹና ከረዳቶቹም ብዙዎች በዚያ ቀሩ። የወደቀ አብራሪን ደም በሌላ ሰው ደም የማካካስ ሥርዓት ያን ጊዜ ተጀመረ፤ የሚኒቲም ስም ኋላ በተወለደበት በካላብሪያ ለአይሮፕላን ጣቢያ ተሰጠ።

ከሽሬ ጦርነት በኋላ፣ የካቲት 1928 ዓ.ም. ሲያልቅ፣ ራስ እምሩ የተረፈውን ሠራዊት ይዘው ተከዜን መልሰው ሲሻገሩ አይሮፕላኖች ከመሻገሪያው ላይ ጠብቀው ፈጇቸው። ጎጃም ሲደርሱም ሀገሩ እንደ ተዉት አልቈያቸውም። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ማርሻል ባዶልዮ ገባ። ራስ እምሩ ዐባይን ተሻግረው ወደ ወለጋና ወደ ጎሬ አመሩ፤ በጎሬም በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ የሚመራ መንግሥት ቢያንስ በስሙ ቆሞ ነበር።

ወለጋ በዚያ ክረምት ልቡ የተከፈለ አገር ነበረ። አንዳንዶቹ ባላባቶች የእንግሊዝን ጥበቃ እንፈልጋለን ብለው በጋምቤላ በኩል ሲጽፉ፣ የለቃ ነቀምቴው ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ከኢጣልያ ጋራ መላላክን መረጡ። በሌላ በኩል ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኰንኖች ነቀምቴ ገብተው ነበር። እነዚህ ልጆች በስዊድኑ ሻምበል በታም እጅ ገና ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ፣ በሚያዝያ ወር ጠላትን በጣርማ በር ለማገድ የተላኩ፣ መንግሥት ሲበተን ግን እነርሱ ያልተበተኑ ነበሩ። የእንስሳት ሐኪም የነበሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ሊቀ መንበር፣ ኰሎኔል በላይ ኃይለ አብ የጦር አዛዥ ሆነው ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ ሕግ በዐሥር አንቀጽ የተጻፈ ሲሆን፣ ገበሬውን እንዳይበድሉ፣ ምርኮኛውን እንዳያሠቃዩ፣ ጦረኛው ለመካሪው እንዲታዘዝ የሚያዝ ነው። መንግሥት በሌለበት፣ ጥይት እንደ ጨው በሚቈጠርበት ቀን ተቀምጦ ሕግ መጻፍ ለአንዳንድ ሰው ሞኝነት ሊመስለው ይችላል፤ እኔ ግን በዚያ ዓመት ከተሠራው ሁሉ ይልቅ ይህን ወረቀት አከብራለሁ።

በዚህ ጊዜ ግራዚያኒ የምክትል ንጉሥነቱን ሹመት ይዞ አዲስ አበባ ላይ ተቀምጧል። ክረምቱ ስለ ገባ ጦሩን በጭቃ ወደ ምዕራብ መላክ አልቻለም። ስለዚህ ወለጋን በጥቂት ሰዎች በአየር ለመያዝ አሰበ። ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት አይሮፕላኖች ከነቀምቴ አቅራቢያ በምትገኘው በቦናያ ሜዳ ላይ አረፉ። የመልእክተኞቹ አለቃ የፓሌርሞው ሰው የአየር ጄኔራል ቪንቼንሶ ማልዮኮ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋራ ኰሎኔል ካልዴሪኒ፣ በፈቃዱ የዘመተው አንቶኒዮ ሎካቴሊና አገሩን የሚያውቁት የኮንሶላታ ሚስዮን ቄስ አባ ማሪዮ ቦሬሎ ነበሩበት። ሐሳባቸው ከደጃዝማች ሀብተ ማርያም ጋራ ተገናኝተው ባንዲራቸውን ለማቆም ነበር። ዝናቡ የሰኔ ዝናብ፣ ሜዳው ረግረግ ስለ ነበረ፣ ሌሊቱን ከአይሮፕላኖቻቸው ሥር ሊያድሩ ወሰኑ።

የአይሮፕላን ኃይል በሰማይ ነው፤ መሬት ላይ ቆሞ ሲያድር ግን ሸራና ብረት ነው። ነቀምቴ ያሉት የጥቁር አንበሳ ሰዎች ወሬውን በሰሙ ጊዜ ጨለማውን ተገን አድርገው ገሠገሡ፤ ከእነርሱም መካከል ክፍሌ ናሲቡ የተባለው ወጣት መኰንን ስሙ ጐልቶ ይነሣል። ለሰኔ 20 አጥቢያ ሜዳውን ከበው ተኩስ ከፈቱ። ኢጣልያኖቹ ከአይሮፕላኖቹ ሥር ሆነው ተከላከሉ፤ ነዳጁ ግን እሳት ያዘ፤ ሦስቱም አይሮፕላኖች ነደዱ። ማልዮኮ፣ ካልዴሪኒ፣ ሎካቴሊና የቀሩት ሁሉ በዚያ ወደቁ፤ ከመካከላቸው በሕይወት የተረፉት አባ ቦሬሎ ብቻ ናቸው።

ስለዚህ ሌሊት የሚጽፉ ኢጣልያኖች ነገሩን ክሕደት ይሉታል፤ በሰላም የመጣ እንግዳ ታረደ ይላሉ። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ጄኔራሉ የመጣው የጦር ልብስ ለብሶ፣ በጦር አይሮፕላን፣ ሀገር ሊይዝ ነው፤ ከኢጣልያ ጋራ ዕርቅ ያላደረገ ጦር በአካባቢው እንዳለም የሚያውቀው ነገር ነበር። ምርኮኛን አታሠቃይ የሚለው ሕግ ጠመንጃውን ላልጣለ ሰው አልተጻፈም። ነገር ግን ሎካቴሊ በዕድሜው ሙሉ ከኦስትርያ እስር ቤት፣ ከአንዲስ በረዶና ከግሪንላንድ ባሕር ከተረፈ በኋላ በዝናብ ጭቃ ላይ መሞቱ፣ ጠላትም ቢሆን፣ የሰውን ልብ ሳይነካ አያልፍም።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 23 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው፣ አይሮፕላኖች በየተራ እየተከታተሉ በሠራዊቱ፣ በሴቶችና በሕፃናት፣ በከብቱና በወንዙ ላይ የሞት ዝናብ እንዳዘነቡ በዐማርኛ ተናገሩ። በአዳራሹ የነበሩ የኢጣልያ ጋዜጠኞች ንግግሩን በፉጨት ሊያቋርጡ ሞክረው ተባረሩ። ኢጣልያ ስለ ቦናያ የሰጠችው መልስ ደግሞ ከዚህ ቀደም በመልካ ዲዳ የታየው ነበር፤ አይሮፕላኖች መጥተው ነቀምቴን ደበደቡ። በቦናያ የሞቱትን ኢጣልያኖች ስም ከነማዕርጋቸው ማንበብ ይቻላል፤ በነቀምቴ የሞተው ባላገር ግን ስሙ በወገኑ ልብ ካልሆነ በቀር የትም አልተጻፈም።

የጥቁር አንበሳ ሰዎች ከዚያ በኋላ ራስ እምሩን አለቃችን ይሁኑ ብለው ከእርሳቸው ጋራ ተቀላቀሉ። ወደ አዲስ አበባ ሊገሠግሡ ሞከሩ፤ መንገዱ ግን በየአቅጣጫው ተዘጋ። በመጨረሻም ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡ፤ ወደ ኢጣልያም ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። (በ1935 ዓ.ም. ክረምት ሙሶሊኒ ከሥልጣኑ ሲወርድ የታሰረው በዚያው ደሴት ነበር፤ ዘመን እንዲህ ያለ ጨዋታ ያውቃል።) የወጣቶቹ ዕጣ ከፋ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ በእስር የነበሩት የሆለታ ልጆች፣ ክፍሌ ናሲቡ፣ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ቢንያምና ዮሴፍ፣ ሌሎችም ብዙዎች፣ በጥይት ተደበደቡ። ስማቸውን የተሸከመ መቃብር እንኳ የላቸውም።

በኢጣልያ ግን ለቦናያ ሟቾች መታሰቢያ በየቦታው ይዘጋጅ ጀመር። ለማልዮኮ የወርቅ ሜዳልያ፣ ለሎካቴሊም ሦስተኛው የወርቅ ሜዳልያ ከሞት በኋላ ተሰጠ። የቤርጋሞ ከተማ ለሎካቴሊ በአደባባይ ባለ ውሃ ሐውልት አቆመችለት። በኦስትርያ ድንበር አጠገብ በዶሎሚቲ ተራሮች፣ ሦስት ቀጥ ብለው የቆሙ የድንጋይ ጫፎች ባሉበት ስፍራ፣ የተራራ ወጪዎች ማደሪያ በስሙ ተጠራ። ኮሚዞም በ1930 ዓ.ም. ገደማ የጦር አይሮፕላን ሜዳ ተደልድሎላት የጄኔራል ማልዮኮ ሜዳ ተባለ። ኮሚዞ የተወለደባት ከተማ አልነበረችም፤ ሰውዬው ለእርሷ የተሰጣት በመንግሥት ትእዛዝ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እንደ ማናቸውም ትንሽ ከተማ፣ የተሰጣትን ስም እየጠራች ለምዳ የራሷ አደረገችው።

በአዲስ ቅዳምና በእንጅባራ ዙሪያ የሚኖረው የአዊ ሰው ደግሞ በዚያው ዘመን የራሱን መታሰቢያ በራሱ መንገድ አቆመ። በ1932 ዓ.ም.፣ ጠላት ገና በእንጅባራና በዳንግላ ምሽጉን ይዞ ተቀምጦ ሳለ፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ተመሠረተ፤ ዓላማውም በዐድዋና በየጦርነቱ ለወደቁት አርበኞችና ለፈረሶቻቸው ዝክር ማድረግ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሰኞቹ ለምዳቸውን ደርበው፣ ፈረሶቻቸውን በመጣብርና በጌጥ አሸብርቀው በእንጅባራ ይሰበሰባሉ። ጉግሱ ሲጀመር የፈረስ ኮቴ ሲያነሣው የነበረው አቧራ ገና ሳይበርድ ሌላው ቡድን ይከተላል፤ ሽማግሌውም ከልጅ ልጁ ጋራ በአንድ ሰልፍ ይጋልባል። ለፈረስ መታሰቢያ የሚያደርግ ሕዝብ ብዙ አይገኝም። ፈረሱ ጌታውን ተሸክሞ ወደ እሳት የገባው ሜዳልያ ተስፋ አድርጎ አይደለምና፣ ይህ ልማድ በፍርድ ረገድ ትክክለኛ ይመስለኛል።

ማኅበሩ በተመሠረተበት ዓመት ነሐሴ 6 ቀን ኰሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ ተልእኮ 101 የተባለውን ጥቂት ሰዎች ያሉበትን ቡድን ይዞ ከሱዳን ድንበሩን ተሻገረ። የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል ሆነው አዛዥ ከበደ ተሰማ አብረውት ነበሩ። የጎጃምን አርበኞች አለቆች ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬንና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህን አስታርቀው፣ ሰፈራቸውን በፋግታና በሰከላ ደጋ አደረጉ። ከአራት ዓመት በላይ የዚህ ደጋ ሰው የአይሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ከብቱን ወደ ጫካ የሚነዳ፣ ልጁን የሚሸሽግ ነበር። አሁን ግን የእንግሊዝ አይሮፕላኖች መጥተው በዳንግላ የነበረውን የጠላት ሰፈር ደበደቡ፤ ከሰማይ የሚመጣው ነገር ሁሉ ጠላት አለመሆኑን ባላገሩ መጀመሪያ ያየው ያን ጊዜ ነው።

ኅዳር 11 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ቪንሰንት የሚባል ባለ ድርብ ክንፍ አሮጌ አይሮፕላን፣ ለማረፍ በችኮላ በተሰናዳ አጭር ሜዳ ላይ በሰከላ ወረደ። ነጂው ኮሊስ የሚባል የእንግሊዝ መኰንን ሲሆን፣ የመጣበትም እንግዳ ኦርድ ዊንጌት ነበር። ዊንጌት ከሳንድፎርድ ጋራ የቀረውን ዘመቻ ተማክሮ፣ ተመልሶም በዚያው አይሮፕላን ወጣ። ጠላት ጉዳዩን አስቀድሞ አውቆ ቢሆን ኖሮ፣ በቦናያ በኢጣልያኖች ላይ የደረሰው በሰከላ በእንግሊዞቹ ላይ ሊደርስ ይችል ነበር፤ ሁለቱን ሜዳዎች የለያቸው በዙሪያቸው የተቀመጠው ባላገር ልብ ነው። በሁለት ወር ውስጥ ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ገቡ። በየካቲት ወር የዳንግላና የእንጅባራ ምሽጎች ተለቀቁ፤ ለመጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ በእጃቸው ሆነች። ዊንጌት ራሱ ከሦስት ዓመት በኋላ በህንድ ድንበር በአይሮፕላን አደጋ ሞተ፤ አዲስ አበባም ስሙን ለትምህርት ቤት ሰጠችው። የጥቁር አንበሳም ስም በዚያችው ከተማ በታላቅ ሆስፒታል ላይ አለ፤ ዛሬ ጥቁር አንበሳ ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው አልጋና ሐኪም እንጂ የሆለታን ልጆች አይደለም።

በሐምሌ 1935 ዓ.ም. አሜሪካኖችና እንግሊዞች ሲሲሊ ላይ ሲወርዱ የኮሚዞ የአይሮፕላን ሜዳ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ተያዘ። ጦርነቱ ሲያልቅ ብዙ የፋሽስት ስሞች ከግድግዳ ሲፋቁ፣ የማልዮኮ ስም ግን ፖለቲካ የማይመስል የወታደር ስም ስለ ነበረ ሳይነካ ቀረ። ሜዳውም ከጊዜ በኋላ ተረስቶ ሣር በቀለበት።

ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው ሌላ ጦርነት የፈጠረው ፍርሃት ነው። በ1973 ዓ.ም. ክረምት የኢጣልያ መንግሥት በሩስያ ላይ የሚነጣጠሩ 112 የአሜሪካ ክሩዝ ሚሳይሎች በዚህ ሜዳ እንዲተከሉ ወሰነ። ከመላው አውሮፓ የሰላም ሰልፈኞች ወደዚች ትንሽ ከተማ ጐረፉ። በሲሲሊ የኮሚኒስት ፓርቲ ጸሐፊ የነበረው ፒዮ ላ ቶሬ ሰልፉን አስተባበረ፤ ሚሳይሉን የሚቃወም የአንድ ሚሊዮን ሰው ፊርማ እንዲሰበሰብ ተነሣሣ፤ ከዚህም ጋራ የማፊያን ንብረት የሚያስወርስ ሕግ በምክር ቤት አቅርቦ ነበር። ሚያዝያ 22 ቀን 1974 ዓ.ም. በፓሌርሞ ጎዳና ላይ ከሹፌሩ ከሮዛርዮ ዲ ሳልቮ ጋራ በማፊያ ጥይት ተገደለ፤ ሕጉም ከሞቱ በኋላ ጸደቀ። ሚሳይሎቹ በ1976 ዓ.ም. መጡ፤ በ1983 ዓ.ም. በስምምነት ተነቅለው ወጡ። በ1991 ዓ.ም. ባዶ በቀሩት የአሜሪካ ወታደሮች ቤቶች የኮሶቮ ስደተኞች በሺህ እየተቈጠሩ ተጠለሉ።

ሜዳው ለሕዝብ የአይሮፕላን ጣቢያ እንዲሆን በተወሰነ ጊዜ፣ ላ ቶሬ በሞተበት በ25 ዓመቱ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ በእርሱ ስም ተሰየመ። እንዲህ ሆኖ የአንድ ከተማ ልጅ የሆኑት ሁለት የፓሌርሞ ሰዎች፣ አንዱ ኢትዮጵያን ሊይዝ መጥቶ የወደቀ፣ ሁለተኛው የገዛ ደሴቱን ከሚሳይልና ከማፊያ ሊጠብቅ ሲል የተገደለ፣ ስለ አንድ ሰሌዳ ተፎካካሪዎች ሆኑ። በ2000 ዓ.ም. ክረምት አዲስ የተመረጠው የከተማው ከንቲባ የላ ቶሬን ስም አንሥቶ የማልዮኮን መለሰ፤ ምክንያቱም የከተማው ሰው ሜዳውን በልጅነቱ የሚያውቀው በዚያ ስም ነው የሚል ነበር። ይህ ክርክር ፍጹም ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም፤ ሰው በለመደው ስም ላይ የባለቤትነት መብት እንዳለው ያስባልና። ነገር ግን የተለመደው ስም ስለ ማን እንደ ቆመ የጠየቀ አልነበረም ማለት ይቀላል፤ ሙግቱ ሁሉ ስለ ላ ቶሬ ሆኖ፣ ማልዮኮ ራሱ እንደ አሮጌ ዕቃ ዝም ብሎ ከመካከል ተቀምጧል። የላ ቶሬ ወዳጆችና የሰላም ማኅበሮች በኮሚዞ አደባባይ ሰልፍ ወጥተው ተቃወሙ።

ከዚህ ክርክር ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ2004 ዓ.ም. ክረምት፣ አፊሌ የምትባል ሌላ ትንሽ ከተማ ለግራዚያኒ ለራሱ ቤተ መታሰቢያ ሠርታ መረቀች። ያን ጊዜ ኢትዮጵያውያን በሮማም፣ በአዲስ አበባም፣ በአሜሪካም ድምፃቸውን አሰሙ፤ ስለ ማልዮኮ ግን እንዲህ ያለ ጩኸት አልተነሣም። ግራዚያኒን ሁሉም ያውቀዋል፤ የቦናያውን ጄኔራል ከነቀምቴ ሽማግሌዎች በቀር የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ በኮሚዞ ሰሌዳው ሲለወጥ የተለወጠው ኢጣልያኖች ስለ ኢጣልያኖች በተከራከሩት ክርክር ብቻ ነው።

ግንቦት 22 ቀን 2005 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመንገደኞች በረራ በኮሚዞ አረፈ። ከንቲባው ከተለወጠ በኋላ በ2006 ዓ.ም. የላ ቶሬ ስም ወደ ጣቢያው ተመለሰ፤ እስከ ዛሬም በዚያ ስም ይጠራል። ከባሕሩ ወዲያ ማዶ በሬጆ ካላብሪያ ያለው ጣቢያ በቲቶ ሚኒቲ ስም እንደ ተጠራ ነው፤ በዶሎሚቲ ተራራ ላይ ያለውም ማደሪያ የሎካቴሊን ስም ይዞ በየበጋው ለተራራ ወጪ አልጋና ሾርባ ይሰጣል።